ዲሹን አቅፌ የቆምኩበት እሁድ

ትናንት ደብረ ብርሃን፣ በድሮው ሰፈራችን ሳልፍ፣ የጋሽ ከበደ ግቢ ውስጥ የዛገው ዲሽ አሁንም ብረቱ ላይ ተሰቅሎ አየሁትና ሳቄ መጣ። ያንን ብረት እኔ አቅፌ ቆሜ አውቃለሁ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ከበደ ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ ወጥተው፣ የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ የሚታረቅ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ዓመት ግን ልባቸውን በዲሽ ለሚያዩት፣ ጀርመን አገር ላለ አንድ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሰጡ፤ እንቁላል መሳይ ኳስ በእጅ ይዘው እየተላተሙ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ቡድኑ በየእሁዱ ይሸነፋል፤ እሳቸው ፍንክች አይሉም።

«ተመልከቺ ልጄ» ይሉኛል፣ ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ሲያጎነብሱ። «በተላተሙ ቁጥር ዞር ብለው ይመካከራሉ። ልክ እንደኛ ሽምግልና! እነዚህማ ያሸንፋሉ።»

«ያኛውም ቡድን እኮ ይመካከራል፣ ጋሼ።»

«የነሱ ሹክሹክታ ነው።»

የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ነፋሱ ዲሹን አዞረውና ምስሉ ጠፋ። ሮጬ ወጣሁና ብረቱን አቅፌ መለስኩት።

«መጣ! እንዳትነቃነቂ!» አሉ ከውስጥ።

ጣቶቼ በብርድ ደነዘዙ፤ አልለቀቅኩም። ብዙ ቆይተው ወጡና ሱፍ ሱፍ የሚሸት ብርድ ልብሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«አሸነፍን» አሉኝ፣ እርቅ እንዳወረደ ሰው ፊታቸው በርቶ።

ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። መብራት ሄዷል። መቼ እንደሄደ አልጠየቅኳቸውም።

ዛሬ ያን ውጤት ስልኬ ላይ መፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አልፈለግኩም፤ አልፈልግምም። አሸንፈናል።