እኔ ስነካው የሚደርቀው ላፕቶፕ

ባለፈው ክረምት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እዚሁ አዳማ፣ ሰው በሞላበት የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ውስጥ አንዲትን ልጅ ሌባ አልኳት። ሰባ ሦስት ዓመት ስኖር ብዙ ቂልነት ሠርቻለሁ። ይኼኛው ግን ሰው እንጀራ ስላሳጣ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ላፕቶፑን የሰጠችኝ ሴት ልጄ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብዳቤ እጽፍበታለሁ። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ትቼው ስመለስ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ሳስነሳው ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ሁለት ቃል ሳልጽፍ ይጨልምና ድርቅ ይላል። እኔም ከምሳ በኋላ ተኝቼ ስነሳ እንደዚሁ ስለምሆን መጀመሪያ ላይ አዘንኩለት።

ሱቁ ውስጥ የምትጠግነው ጫልቱ የምትባል፣ ከአርሲ የመጣች፣ ተቀጥራ የምትሠራ ዝምተኛ ልጅ ናት። ፕሮግራሙን እንደገና ጫነችልኝ። እሷ ስታስተኛውም ስታስነሳውም እሺ ይላታል፤ ቤት ስወስደው ይደርቃል። መለስኩት። ሚሞሪውን አውጥታ ፈተሸች፣ አጽድታ መለሰችው። ቤት ስገባ ያው ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ «ቤት ምን ያደርጉበታል አባባ?» አለችኝ።

«ልብስ እተኩስበታለሁ።»

አልሳቀችም። እዚያው ፊቷ እንድጽፍበት ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፤ ጨለመ። እሷ አስነስታ ጻፈች፤ ሠራ። እኔ ነካሁት፤ ጨለመ።

«እርስዎ ሲነኩት ነው የሚደርቀው» አለች ቀስ ብላ።

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቁ። እኔ በራሴ ስቀልድ እንጂ ሌላ ሰው ሲስቅብኝ አልወድም። ደግሞ ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ ዕቃ ይዞብኝ የሚወጣ ነው የሚመስለኝ።

«እጄ መርዝ አለው? ደህናውን ሚሞሪ ወስደሽ አሮጌ ከተሽበት ነው፤ ሌባ» አልኳት፣ ውጭ የቆመ የባጃጅ ሹፌር እስኪሰማ።

«ወላሂ አልቀየርኩም» አለች።

ባለሱቁ ከጓዳ ወጣ። ደንበኞቹን አየ፣ ሽበቴን አየ። «የሱቁን ቁልፍ አስቀምጪና ሂጂ» አላት።

ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ቀና ብሎ ያያት ሰው የለም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ለሁለት ሰው አወራሁት።

ከሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ግፊቴን ሊለኩኝ አምባሬን አስወለቁኝ። መናኸሪያ በር ላይ ግፊት ያወርዳል ተብዬ የገዛሁት ባለማግኔት አምባር ነው። ኪሴ ከትቼው ቤት ገባሁና ላፕቶፑን አስነሳሁ። ሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ ምንም አላለም። አምባሩን አጥልቄ እጄን ከቁልፎቹ ሥር ሳሳርፍ ጨለመ። ለካ ያ ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ኖሯል፤ ክንዴ ክዳን እየመሰለው ነበር የሚተኛው። ሰባት ጊዜ ሞከርኩት። ሰባት ጊዜም ሌባ አላገኘሁም።

ወደ ሱቁ ሄጄ ባለሱቁን፣ «ላፕቶፑ ድኗል፤ ልጅቷን መልሳት» አልኩት። ስለ አምባሩ ትንፍሽ አላልኩም።

«እርስዎ በሰው ፊት ሌባ ካሏት በኋላ? ሌላ ሰው ቀጥሬያለሁ አባባ።» ስልክ ቁጥሯን ብቻ ሰጠኝ።

ደወልኩላት። ሻሸመኔ አክስቷ ጋ ሆና ሥራ እየፈለገች ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ስድብ ጠበቅኩ። «አከም ጅርቱ አባባ» ብላ ሰላም አለችኝ። ከዚያ፣ «ምኑ ነበር የተበላሸው? ስንት ቀን አሰብኩት መሰለዎት» አለች።

«እንጃ፣ ራሱ ተነሳ» አልኳት።

እሷም እንዲህ አለች፦ «ካወቁ ይንገሩኝ። እዚህ ሥራ ስጠይቅ፣ ከአዳማ ለምን ወጣሽ ይሉኛል፤ የምመልሰው የለኝም።»

ወራት አለፉ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይህን ሁሉ ስጽፍላችሁ ብዙም አላፈርኩም። ስለ አምባሩ ለእሷ ለመንገር ግን ስልኩን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አንድ መልስ አለብኝ።