ለእናቴ ማሰሮ ያሠራሁት ባነር

ሸክላ በጣት ሲንኳኳ የሚያወጣው ድምፅ አለ። ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ሶዶ አንድ ሆቴል ስገባ፣ ከፊቴ የነበረው እንግዳ በር ላይ ለጌጥ የተቀመጠውን ማሰሮ አለፍ ሲል በጣቱ አንጓ ኳ አደረገው። ጥርት ብሎ ጮኸ። በደንብ የተተኮሰ ሸክላ እንደዚያ ነው፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ድፍን ይላል። አስተናጋጇ «የባህል ዕቃ ነው» አለችው። ማን እንደሠራው አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። እኔ እዚያው በቆምኩበት ቆሽቴ አረረ። በሰውዬው መሰለህ? በራሴ ነው እንጂ!

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ቤታችን ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ነው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ገና ቤቱ ሳይታየኝ የእርጥብ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይሸተኝ ነበር። እናቴ ማሰሮውን አታዞረውም፤ የምትዞረው እሷ ናት። ጭቃውን መሬት ላይ ታስቀምጥና ጎንበስ ብላ፣ የኋሊት እየተራመደች፣ ዙሪያውን እየዞረች አፉን ታወጣዋለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በጓሮው እንሰት መሃል ሾልካ ስትገባ፣ እናቴ የዞረችበት መሬት ክብ ሆኖ ይታይ ነበር። በገበያ ቀን የደረሰውን ሁሉ በቃጫ ገመድ አስራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ቦዲቲ ትሄዳለች።

ታዲያ ማሰሮዋን የሚወደው ሰው ሁሉ እሷን አይወድም ነበር። ይሄን ሳወራ አሁንም ደሜ ይፈላል። በሷ ማሰሮ ጎመን የሚቀቅሉ ሴቶች፣ ውሃ ጠማኝ ስትላቸው ኩባያ አያቀብሏትም። ደጅ እንደቆመች በእንሰት ቅጠል ነው የሚቀዱላት። ቅጠሉ ይጣላላ! በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ። እኔስ ከነሱ በምን ተሻልኩ? ሶዶ ለትምህርት ስገባ እናቴ ምን እንደምትሠራ ለአንድም ጓደኛዬ ትንፍሽ አላልኩም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስደርስ ገበያው ሞተ። ጀሪካኑና የአሉሚኒየም ድስቱ ሁሉን ጠራርጎ ወሰደው። እናቴ የወሰደችውን ማሰሮ መልሳ ተሸክማ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ሸክሟን አወረደችና «ልተወው መሰለኝ» አለች። እሷ ተወችው ማለት የእኔም ትምህርት አበቃ ማለት ነው። ሌላ ገቢ አልነበረንም።

እኔም አስተዋውቃለሁ ብዬ ተነሣሁ። በምን ገንዘብ? ያለችኝ መስታወቷ የተሰነጠቀ ስልክ ናት። የደብተር ወረቀት እየገነጠልኩ «የእጅ ሥራ ሸክላ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩና የባጃጅ ሾፌሮችን እየለመንኩ ከኋላ አስለጠፍኩ። ዝናብ መጥቶ አጠበው። ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ፤ ካርድ ስለሌለኝ ዋይፋይ ያለው ካፌ አጥር ሥር ተለጥፌ ነበር ፎቶ የምጭነው። የካፌው ዘበኛ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም መጣሽ?» ይለኛል። ሁለት ሰው ደወለልኝ፤ አንደኛው ተሳስቶ ነው።

በመጨረሻ ለጊፋታ በዓል በሚከፈተው ባዛር በነጻ ቦታ ተገኘልኝ። ባነር ግን ያስፈልግ ነበር። አንድ የፎቶ ቤት ሰውዬ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ስላለው በርካሽ ላትምልሽ አለኝና ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች አየ። እናቴ እስከ ክንዷ ጭቃ ሆና፣ ጎንበስ ብላ ማሰሮውን ስትዞረው ያነሣኋት ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሠሪዋ ይቺ ናት?»

ስልኬን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። ገባው።

«ስሚኝ እህቴ፣ ሰው የሚፈልገው ዕቃውን ነው። ሠሪዋ ምን ታደርግለታለች? ንጹሕ፣ ቆንጆ ልጅ አስገቢበት።»

አፍህን ዝጋ ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩት መሰለህ? «እሺ ጋሼ።» እሺ ጋሼ! ይሄው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በነጋታው እናቴ አፈር ልትቆፍር ወንዝ እስክትወርድ ጠብቄ የጎረቤታችንን ልጅ ጠራኋት። ጭቃ ነክታ የማታውቅ ልጅ! ቀይና ቢጫ የተሸመነ ዱንጉዛ አለበስኳት፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት፣ ያለቀ ማሰሮ አስታቀፍኳትና ጉንጯ ላይ ትንሽ ጭቃ ቀባኋት። በገዛ ጣቴ፣ የእናቴን ጭቃ! ባነሩም እንደዚያው ታተመ።

እናቴ ያየችው እዚያው ባዛሩ ላይ ነው። ሸክሟን አውርዳ ቀና አለችና ብዙ አየችው። እኔ ዕቃ የምደረድር መስዬ አቀረቀርኩ። በወላይትኛ «ይቺ ልጅ ቁጭ ብላ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለች።

ዘፈኑ፣ የሰዉ ጫጫታ፣ የጥብሱ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል። ሦስት የከተማ ሴቶች መጡ። አንደኛዋ አንድ ማሰሮ አነሣችና «እንዴት ያምራል! የሠራችው ማናት?» ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ አማርኛ ላይ ብዙም አይደለችም፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ታደርጋለች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ በተሰነጣጠቀ ጣቷ ባነሩ ላይ ያለችውን ልጅ ጠቆመች።

«እሱ ናት» አለች። «እሱ ነው የሠራችው። እኔ ተሸካሚ ነኝ።»

ሴቶቹ በአማርኛዋ ሳቁ። «እሱ ናት!» እየተባባሉ። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ አብሬያቸው ሳቅሁ።

ማሰሮው በሙሉ ተሸጠ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ ያንኑ መለሰች። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ባነሩን ጠቅልላ፣ እንዳይጨማደድ ጭኗ ላይ ይዛው ነበር። በጥፊ ብታጮለኝ ይሻለኝ ነበር። ለሚቀጥለው ባዛርም ራሷ አስታውሳ ይዛው መጣች። ትምህርቴን የጨረስኩት በዚያ ባነር ነው።

ዛሬ ደመወዝተኛ ነኝ። በቀደም አንዱ ቢሮ ውስጥ በሸክላ ሠሪ ሲያላግጥ ሰምቼ ጠረጴዛ መትቼ ተነሣሁበት፤ ሰዎች ናቸው የገላገሉን። ምን ያደርጋል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የሶዶው ስብሰባ እንዳለቀ ቤት ሄድኩ። እናቴ ጓሮ ነበረች። ጉልበቷ ስለሚያማት እያረፈች ነው የምትዞረው፤ ጭቃው ግን አሁንም ይታዘዝላታል። ስልኬን አወጣሁና «እማ፣ ፎቶ ላንሣ» አልኳት።

ደስ አላት። እጇን በቀሚሷ ጠራረገች፣ ከደረቁት መሃል አንዱን ማሰሮ መርጣ ብርሃን ያለበት አስቀመጠችልኝ፣ አፉን በእኔ በኩል አዞረችው። «አንቺን እኮ ነው» ልላት ስልኩን ከፍ ሳደርግ፣ ቀና ብላ በፈገግታ አየችኝ።

«ፈቀቅ ልበልልሽ?» አለችኝ።