ሁለት ሰዓቶች ቢስማሙም

ባለቤቴ የኮምፒውተሮችን ሰዓት በኔትወርክ እኩል የሚያደርግ ሶፍትዌር ትጠብቃለች። ትጠብቃለች ስል ዱላ ይዛ አይደለም፤ ብልሽቱን ትጠግናለች፣ የአጠቃቀም መመሪያውንም ትጽፋለች። መሥሪያ ቤታቸው ለሆስፒታሎችና ለባቡር ጣቢያዎች ስለሚሠራ፣ ሰዓት ከተዛባ ጉድ ይፈላል።

መመሪያ ጽፋ ስትጨርስ የምትፈትነው በእኔ ነው። እኔ አናጺ ነኝ፤ ከኮምፒውተር ጋር ያለን ትውውቅ ከሩቅ ሰላምታ አያልፍም። አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ታስቀምጠኝና ጽሑፉን ሰጥታኝ፣ አፏን በእጇ ይዛ ከኋላዬ ትቆማለች። ብሳሳት አትናገርም። ጥፋቱን የምትፈልገው ከእኔ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው።

"ከሰው ሁሉ እኔን የመረጥሽው ደንቆሮ ስለሆንኩ ነው?" አልኳት አንዴ፣ ተናድጄ።

"አይደለም። ሌላው ሳይገባው ገባኝ ይላል፤ አንተ ግን ትጮኻለህ።"



የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ቀኗ ሲቃረብ ጭቅጭቅ መጣ። አለቃዋ የወሊድ ፈቃዱን ሰጣት፤ ስልክሽን ግን እንዳትዘጊ አላት። በሠርጋችን ሰሞን እንኳ ሙሽራዬን ከመሥሪያ ቤቷ ጋር ስሻማ ነው የከረምኩት፤ ደሜ ፈላ። እሷ ረጋ ብላ፣ "መመሪያው ካለ እኔ አላስፈልግም። እንፈትነው፤ ካልሠራ ስልኬን አልዘጋም" አለችው።

የፈተናው ዕጣ የወደቀው አንድ የሥራ ባልደረባዋ ላይ ነው። "ሩጫ" ይሉታል፤ ወሬ እንኳ ሲያወራ መሃሉን ይዘላል። ምሳዋን ላደርስ ሄጄ ስለነበር በሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ሰዓታቸው የተዛባ ሁለት ሰርቨሮች ተሰጡት፤ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚጠይቁት እነሱን ነው። መመሪያውን ጀመር አድርጎ ዘለለና፣ አንዱ ሰዓቱን ከሌላው፣ ሌላውም መልሶ ከአንደኛው እንዲጠይቅ አደረገ። "ተስማሙ! አለቀ!" ብሎ ብድግ አለ።

ባለቤቴን አየኋት። አፏን በእጇ ይዛለች፣ ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ትንፍሽ ካለች መመሪያው ብቻውን አልሠራም ማለት ነው፤ ስልኩ ክፍት ሆኖ ይቀራል። እኔው ልጮኽ ምንም አልቀረኝ።

ሩጫ ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ዓይኑ የመጨረሻው መስመር ላይ አረፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበው። "ሁለት ሰርቨሮች ተስማሙ ማለት ልክ ናቸው ማለት አይደለም፤ አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ከሁለቱም ውጭ ካለ የሰዓት ምንጭ ጋር ሳታስተያይ አትነሣ።"

ሰውዬው ተመልሶ ተቀመጠ። ሲያስተያይ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ኋላ ቀርተዋል። ራሱን እየረገመ መመሪያውን ከላይ ጀምሮ፣ አንድም ሳይዘል ተከተለና አቃናቸው።

"በይ፣ ስልክሽን ዝጊው" አላት አለቃዋ። ኮራሁባት፤ ምኑን እደብቃለሁ!

በወለደች ማግስት፣ ገና ከሆስፒታል ሳንወጣ፣ የእኔ ስልክ ጮኸ። ሩጫ ነው። አላስቻላቸውም አይደል! ኮሪደር ላይ ወጥቼ በንዴት አነሣሁት።

"ደግሞ ምን ተበላሸ?"

"አንድ ጣቢያ ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር፤ አስተካክለነዋል። እሱን ተወውና፣ ወንድ ነው ሴት?"

ስመለስ ባለቤቴ ክንዷን ተደግፋ ለመነሣት ትታገላለች።

"ጠሩኝ አይደል?"

"አንቺን ማን ጠየቀሽ? የጠየቁት ልጅሽን ነው" አልኳት።

ሴት ልጃችንን ወደ ደረቷ አስጠግታ ተመልሳ ተኛች።