ከሜትሩ ሥር ሁለት ጣት

ልብስ ሰፊ ሜትሩን ሲዘረጋ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ጣቶቹ ይሄዳል። ልጅ እያለሁ፣ ደርግ ወድቆ ብዙም ሳይቆይ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ በረንዳ ላይ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በረንዳቸው የስፌት መኪና ዘይትና የጋለ ካውያ ይሸት ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ ዩኒፎርም የሌላት አትገባም ተብሏል። ያለን ጨርቅ አባቴ ከሚሠራበት ከኮምቦልቻ ያመጣልኝ ሰማያዊ ቁራጭ ብቻ ነው። እናቴ እሱን ይዛ ወሰደችኝ። ጋሽ ሰይድ ሲለኩኝ ሁለት ጣታቸውን ከሜትሩ ሥር ከተቱ። እናቴ ደነገጠች።

«ጋሼ፣ ጣትዎን ያውጡ እንጂ! ጨርቁ ለገላዋ እንኳ በስንት መከራ ነው!»

«ምነው፣ ልጅሽ ምሰሶ ናት? አትቀመጥም? አትሰግድም?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ቁጢጥ በይ እስቲ።»

ቁጢጥ አልኩ። ቅድም ዳሌዬ ላይ የገጠመው ሜትር አሁን አልደርስ አለ። እጄን ወደ ፊት ስዘረጋ ደግሞ ጀርባዬ ሰፋ። እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ፣ «ምንም ሳልበላ በምን ወፈርኩ?» ብል ሳቁብኝ። እናቴ ግን ጨርቁን በስንዝሯ ትለካ ጀመር።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት። ኪሱንም ቀበቶውንም ተዉት። ብብቱ አሁንም አልበቃ ሲል ከቁርጥራጭ ከረጢታቸው ቢጫ ጨርቅ አውጥተው ቀጠሉበት።

ሰኞ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ እጄን ከጎኔ አጣብቄ አለፍኩ። ክፍል ውስጥ እጄን ሳወጣ ግን ቢጫው ታየ፤ «ቢጫ ወፍ!» የሚል ስም ወጣልኝ። ያ ልብስ ትምህርቴን እስካቋርጥ ድረስ አንድም ቀን አልተተረተረም።

ዛሬ ልጄ ኮምቦልቻ ሥራ ልትጀምር ስትነሣ ሱሪዋ ቆዳዋ ላይ የተሰፋ መሰለኝ። በወገቧ ሁለት ጣቴን ልክተት ብል እምቢ አለኝ። ይተረተርባታል ብዬ ፈራሁ።

«ቁጢጥ በይ እስቲ።»

«እማዬ ደግሞ! ይለጠጣል እኮ።»

ቁጢጥ ብላ ተነሣች። ምንም አልሆነም። ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት፤ ተመልሶ ልጥፍ አለ። እኛ በቢጫ ቁራጭ የቀጠልነውን ቦታ ዛሬ ክሩ ውስጥ ደብቀውታል ማለት ነው? ጋሽ ሰይድ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። «እስቲ ሩጪ» አልኳት።

«ማን አባረረኝና?»

«ሩጪ ብያለሁ።»

እየሳቀች እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሮጣ ተመለሰች። ይዤ የቆየሁትን ቦርሳዋን የሰጠኋት ያኔ ነው።