ያልተደረሰ ለቅሶ

የአቃቂ ሰው ሙሀመድሰዒድን የሚያውቀው በሳቁ ነበር። ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ፣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የመንገዱን ወሬ ይጀምራል፤ ሰፈርተኛው ከቦት ይስቃል። ያ ሁሉ የቀረው ጓደኛው ቢቂላ ከሞተ ወዲህ ነው።

ሁለቱም የከባድ መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ተከታትለው ሲነዱ፣ ከፊት በነበረው በቢቂላ ላይ ከመንገድ ዳር ተኩስ ተከፈተ። መኪናው ዳር ይዞ ቆመ። ሙሀመድሰዒድ ግን አልቆመም፤ ነዳጅ ረግጦ አለፈ። ሲያልፍ በመስኮት የወጣ እጅ አይቷል።

ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለፈውዚያ "ቢቂላን ገደሉት" አላት፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ለቅሶም አልደረሰ። በማግስቱ የግቢውን በር መጠገን ያዘ። ከዚያ ጣሪያውን፤ ከዚያ ደህናውን ቧንቧ ሳይቀር ፈታታው። ሥራ ሲያልቅበት የሠራውን ያፈርሳል። መንዳቱንም ተወና ቃሊቲ መንገድ ዳር ጎሚስታ ከፈተ።

"እጄ ከቦዘነ ጭንቅላቴ አይተወኝም" አላት ፈውዚያን አንድ ቀን።

የድስት ክዳን ከወደቀ ብድግ ብሎ ይጮኻል። ትንሿ ልጁ ኢክራማ አባቷ ቤት ሲሆን በእግሯ ጣት መሄድ ለመደች፤ ሲያስነጥሳት አፏን ታፍናለች። "ልጅቷኮ ፈራችህ" ስትለው ፈውዚያ፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

የቢቂላ ሙት ዓመት ባለፈ ሰሞን፣ የሟቹ ሚስት ሙሉአለም ከቱሉ ዲምቱ ጎሚስታው ድረስ መጣች። ጥቁሯን አላወለቀችም።

"ለቅሶ ይመጣል ብዬ በር በር ሳይ ከረምኩ" አለችው።

"በምን ዓይኔ ልይሽ ሙሉአለም? እጁን ዘርግቶልኝ እኮ ነው ያለፍኩት።"

"በሕይወት ነበር?" ስትል ጠየቀች።

"ነበር።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። እሱም ጎማዎቹ መሃል ቁጢጥ ብሎ፣ ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ስትነሣ "ብትቆም አንተም አትተርፍም ነበር፤ አውቃለሁ" አለችው። "ይቅር ለማለት ግን አቅም የለኝም።"

ያን ዕለት ማታ ሁሉንም ለፈውዚያ ነገራት። ሰምታ ስታበቃ "ይህን ሁሉ ጊዜ ከጎንህ ነበርኩኮ" አለችው።

አሁንም ጎማ ይጠግናል። ደህና የሚውልበት ቀን አለ፤ የሚከፋበትም አለ። በከፋው ቀን ፈውዚያ ሥራዋን ትታ ትመጣና አጠገቡ ትቀመጣለች።