የዓሣ አጥማጆቹ አመድ

የዓሣ ጥብስ ሽታ አልወድም። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ ባሕር ዳር በወረድን ቁጥር መኪናውን ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች ፊት ለፊት ያቆሙና «ለአባ ሽሮ ይምጣላቸው» እያሉ ይቀልዱብኛል። ዓሣ ሆዴን ያመኛል እላቸዋለሁ። ውሸት ነው፤ ሆዴ ደህና ነው። የዓሣና የእንጨት ጭስ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ግን ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ በእጄ ነጭ ጨርቅ ይዤ፣ እናቴ ከታች እየጠበቀችኝ።

ያኔ ደብረ ታቦር ላይ የእኛ ሰፈር በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር። አንዱ ጭቃው ነው። ሁለተኛው የእትዬ የሺ ድምፅ ነው። እትዬ የሺ በአንድ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤታችን ነበሩ። እሳቸው ዘፈን ያላወረዱበት ሠርግ ሠርግ አይባልም፤ ሙሽራ የሚያጩ ሰዎች ቀን ከመቁረጣቸው በፊት እትዬ የሺ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ተጠርተው እንደሆነ ይጠይቁ ነበር ይባላል። እኔ የምወደው ግን የሠርጉን ሳይሆን የቤቱን ነበር። ልብስ ሲያጥቡ ለራሳቸው ዝግ አድርገው ያንጎራጉራሉ፤ የሳሙናው ሽታና ያ ድምፅ በአጥሩ ቀዳዳ አብረው ይመጣሉ። አንድ ልጃቸው ይርጋ ያን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማውም። ሲወለድ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። እኩያዬ ነበር፤ የሽቦ መኪና በመሥራት ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ የእኔ መኪና ጎማው ሲጣመም ሳይነግሩት አይቶ ያቃናልኝ ነበር።

የእኛም ቤት ጭንቀት ነበረበት። ሙሉ የምትባለው እህቴ አራት ዓመት ሞልቷት አፏን አልፈታችም። ትሰማለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ቃል ግን የለም። ጤና ጣቢያ ያሉት ሰዎች አንዳንድ ልጅ ይዘገያል፣ ጠብቂ አሏት እናቴን። እናቴ መጠበቅ የሚሆንላት ሴት አልነበረችም። ወንዛዬ ወስዳ ሰባት ቀን ፍል ውሃ ዘፈዘፈቻት፤ ልጅቷ ቀይ ቲማቲም መስላ ተመለሰች፣ ቃል ግን አልወጣትም። ከዚያ ጣና ላይ ካሉት ገዳማት ለአንዱ ተሳለች። ስሙን አልጠራም፤ በእሱ ስም የሠራሁት ሥራ ያሳፍረኛል።

አባቴ ገጠር አስተማሪ ስለነበር ፈቃድ አላገኘም። ከእናቴ የጽዋ ማኅበርተኞች ጋር እናቴ፣ ሙሉና እኔ ተሳፈርን። ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ሲቆም እናቴ ሎሚ ገዝታ ለሙሉ አሸተተቻት፤ እኔ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ሐይቁ መቼ ይመጣል እል ነበር። ከደጋ ለወረደ ልጅ የሐይቁ ነገር አይታመንም። ጫፉን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁትና ጫፍ የሌለው ነገር ላይ በጀልባ መውጣት ትክክል ነው ወይ ብዬ እናቴን ጠየቅሁ። ዝም በል፣ ጸልይ አለችኝ።

ገዳሙ የወንድ ገዳም ነው። ከጀልባው ማረፊያ ትንሽ ከፍ ብሎ ሴት የማታልፈው ድንጋይ አለ። እናቴ እዚያ ስትደርስ ሙሉን ከጀርባዋ አውርዳ ተቀመጠችና ከደረቷ አዲስ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ላይ ወጥቼ ከመነኮሳቱ አንዱን አግኝቼ፣ አፏ ያልተፈታ ሕፃን እህት አለችኝ ብዬ፣ እምነት ተቀብዬ በዚያ ጨርቅ እንዳመጣ አዘዘችኝ። እምነት የምንለው ከቤተ መቅደሱ ጽና፣ ከዕጣን ማጨሻው፣ ወጥቶ ለበረከት የሚሰጠውን አመድ ነው። ከማኅበርተኞቹ አንድ ሽማግሌ «እኔ ላምጣልሽ፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሏት።

«ደሟ እሱ ነው» አለች እናቴ። «ከእሱ እጅ ነው የምቀበለው።»

ወንዶቹ ዳገቱን ጀመሩ፤ እኔም ከኋላ ተከተልሁ። ቡና ተክሉ መሐል ለመሐል የሚሄድ ቀጭን መንገድ ነበር። ገሚስ እንደሄድን በዛፎቹ መካከል ውሃው ታየኝ፤ ውሃው ላይ ደግሞ ነጫጭ ወፎች። እንዲህ ያለ ወፍ አይቼ አላውቅም። ከመንቁራቸው ሥር የቆዳ ከረጢት አላቸው። ተሰልፈው ይዋኙና ሁሉም በአንዴ አንገታቸውን ይነክራሉ፤ ሲያነሡት ከረጢቱ ውስጥ ዓሣው ሲወራጭ ይታያል። አንድ ጊዜ ብቻ ልይ ብዬ ከመንገዱ ወጣሁ። ከዚያ ጠጋ ብዬ ልይ አልሁ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድሁ። ጠቆር ያሉት ክንፋቸውን እንደ እርጥብ ልብስ ዘርግተው ድንጋይ ላይ ያደርቃሉ፤ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ወፍ አየር ላይ ቆማ ቆማ ድንገት ውሃው ውስጥ ትወረወራለች። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። የነቃሁት የጀልባው ሰው ሲጠራ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ከላይ እየዘመሩ ይወርዱ ነበር።

ጨርቁ በእጄ ባዶ ነው። ሮጬ ልውጣ ወይስ እናቴ ጋ ሄጄ ልናገር ብዬ ዞር ስል፣ ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች ምሳቸውን ጠብሰው የሄዱበት ሦስት ድንጋይ አየሁ። መሐሉ አመድ ነበር። ግራጫ፣ የላመ፣ ገና ለብ ያለ። ሁለት እፍኝ ዘግኜ ጨርቁ ላይ አደረግሁ። የዓሣ አጥንት ነበረበት፤ አንድ በአንድ ለቅሜ ጣልሁና ቋጠርሁት።

እናቴ ቋጠሮውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ሳመችው፣ ዓይኗ ላይ አደረገችው፣ ፈታችና የሙሉን ግንባርና ከንፈር ቀባች። የዓሣው ሽታ ለእኔ አፍንጫ ከሐይቁ ማዶ ይሰማል፤ አሁን አለቀልኝ ብዬ ቆሜአለሁ። እናቴ ግን ጨርቁን አሸተተችና እንባዋ መጣ። «የዕጣኑ ጭስ እንኳ አልለቀቀውም» አለች።

በማግሥቱ ማኅበርተኞቹ እዚህ ድረስ መጥተን የዓባይን ፏፏቴ ሳናይ አንመለስም አሉ። ስንት ጊዜ ያለምሁት ነገር ነበር። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ርጭቱ እንደ ካፊያ ፊታችን ላይ ሲወርድ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ትዝ ይለኛል። እናቴ ግን ለፏፏቴው ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቋጠሮው እንዳይረጥብ ነጠላዋን ደራርባ በደረቷ ይዛ ቆማ ነበር። እኔ ያየሁት የእናቴን ጀርባ ነው። ፏፏቴው እንዴት ነበር ሲሉኝ እስከ ዛሬ የምመልሰው ሰው የነገረኝን ነው።

ወራት አለፉ። ለጥምቀት ሰሞን ሙሉ ቅል ይዛ መጣችና «ውሃ» አለች። እናቴ እልልታዋን ስታቀልጠው እትዬ የሺ በአጥሩ ዘለው መጡ ቢባል ይቀላል፤ በእሳቸው እልልታ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ዛሬ ሙሉ አንዴ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም፤ ባሏ «ያ እምነት ትንሽ በዝቶባታል» ይላል፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ።

ያን ቀን ልናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ብናገር የሙሉ አፍ ተመልሶ የሚዘጋ መሰለኝ። የልጅ ነገር፤ አምኜበት ነበር። እና ዝም አልሁ። በሳምንቱ እትዬ የሺ ይርጋን በእጃቸው ይዘው መጡና እናቴን ከዚያ እምነት ቁንጥር ለመኗት። እናቴ ግማሹን ሰጠቻቸው። ጠዋት ጠዋት እህል ሳይቀምሱ የይርጋን ጆሮ ሲቀቡ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ከኋላው ቆመው ያጨበጭባሉ። ይርጋ አይዞርም። ደግመው ያጨበጭባሉ። እንዲህ ሁለት ጾም አለፈ።

ከዚያ በኋላ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። ዳሱ ሞልቶ ሰው ሁሉ እትዬ የሺ እንዲያወርዱ ሲጠብቅ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ተከናንበው ጥግ ተቀመጡ። ለመኗቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናቴ ምን ሆነሽ ነው ብላ አጠገባቸው ስትቀመጥ እኔ የሽቦ መኪናዬን ይዤ ከኋላቸው ነበርሁ።

«ለሙሉ የሠራ ለእኔ ልጅ እምቢ ያለው ከአፌ ነው» አሏት። «በዚህ አፍ ስንት ዘፈን አወጣሁበት። እኔ እየዘፈንሁ እንዴት ልጄን ይማርልኝ?»

ጀርባቸው አንድ ክንድ እንኳ አይርቀኝም ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ የሺ አልዘፈኑም፤ ልብስ ሲያጥቡም ውሃው ብቻ ነበር የሚሰማው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔው ሲያድር ሠላሳ ዓመት አለፈው። እናቴ ሳታውቅ ዐረፈች። ዘንድሮ ሙሉ ጣናን ካላሳየኸኝ ብላ ወጠረችኝና አብረን ሄድን። ጀልባው ላይ ከእኛ ሌላ ወፍ ለማየት ከሩቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ነጫጮቹ ወፎች በታዩ ቁጥር ሁሉም ስልኩን ያነሣል። እኔ አቀርቅሬ ነበር። ሙሉ ያው ድንጋይ ጋ ቀረች፣ እኔ ዳገቱን ወጣሁ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ እምነት በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ይህን ያህል ቀላል ነበር። ስወርድ መንገዱ ዳር ተቀመጥሁ።

ደብረ ታቦር በገባሁ ማግሥት እትዬ የሺ ቤት ሄድሁ። አርጅተዋል። በረንዳው ላይ ምስር ይለቅማሉ። ይርጋ ዛሬ አናጢ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፤ ከጓሮ የመላጊያው ድምፅ ይሰማል። ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁና ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ወፎቹን፣ ሦስቱን ድንጋይ፣ የለቀምሁትን አጥንት። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲያውም ቢቆጡኝ በወደድሁ።

«ዘፈኑን እኮ ተውሁት» አሉኝ።

አውቃለሁ አልኋቸው።

«አይ ልጄ» አሉ። «ያን የሠርጉ ለታ ከኋላዬ ቆመህ አልነበር?»

ይርጋ ሰጋቱራውን ከልብሱ እያራገፈ መጣና ፊታችንን አይቶ በእጁ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እሳቸውም በእጃቸው ምንም አይደል አሉት። ወረቀቱን ፈቱና ከአመዱ በጣታቸው ቆንጥረው፣ ይርጋን ይቀቡታል ስል፣ የራሳቸውን ጉሮሮ ቀቡ። ከዚያ ምሳ ካልበላህ አትሄድም አሉኝ። በላሁ።

የዛሬ ሠርግ በትልልቅ የድምፅ ማጉያ ነው። ዘፈኑ ከስልክ ይወጣል፤ መስኮት ያንቀጠቅጣል፤ የሚያወርድም የሚቀበልም አያስፈልገውም። ልጆቼ እትዬ የሺን የሚያውቋቸው ዝምተኛ አሮጊት ሆነው ነው፤ በአንድ ወቅት ሠርግ የሚቀጠረው በእሳቸው ቀን ነበር ስላቸው እንደ ተረት ይሰሙኛል። ባለፈው ወር የሰፈራችን ልጅ ስትዳር ዳሱ ውስጥ ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። የድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ እሳቸው ሙሽሪትን እያዩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይዘፍኑ ይሁን፣ ይጸልዩ ይሁን አልታወቀኝም። አንድ ጊዜ ተነሥቼ ጆሮዬን ጠጋ ላደርግላቸው ፈለግሁ። አፈርሁና ባለሁበት ቀረሁ።