ሳልጠይቅ የሰጠሁት ዳማከሴ

የአባቴ አክስት ካረፉ ሁለት ወር ሊሆን ነው። የካ ሚካኤል ባለው ቤታችን ጓሮ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና ጦስኝ ያበቅሉ ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ምች በመታው ቁጥር የእኛን በር ያንኳኳል። እሳቸውም ቅጠል ከመቁረጣቸው በፊት «ስንት ቀን ሆነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሦስት ቀን ካልሞላው ዳማከሴውን በመዳፋቸው አሽተው የታመመውን ሰው ግንባር ይቀቡታል። ካለፈ ግን «ይሄ የእኔ አይደለም» ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ለልጇ ትኩሳት ቅጠል ፈልጋ መጥታ ሲከለክሏት፣ «እማማ፣ ለቅጠልም መታወቂያ ተጀመረ እንዴ?» አለቻቸው።

«ለቅጠሉስ አያስፈልግም። ልጁ ግን የጤና ጣቢያ ካርድ ያስፈልገዋል» አሉና ነጠላቸውን ለብሰው አብረዋት ሄዱ።

አሁን ጓሮውን ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ያችው ጎረቤታችን ልጇን እንደገና ትኩሳት ስለያዘው መጣች። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ምንም ሳልጠይቅ እፍኝ ሙሉ ዳማከሴ ቆርጬ ሰጠኋት። ስህተቴ የገባኝ ከሄደች በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት እንደምንም ራሴን ደፋፍሬ ቤቷ ሄድኩና ስለ ልጁ ጠየቅኳት።

«ጤና ጣቢያ ወስጄው መድኃኒት ጀምሯል» አለችኝ።

«ዳማከሴውስ?»

«አልነካሁትም። አምስት ቀኑ ነበር እኮ። አንቺ ዝም ብለሽ ስትሰጪኝ ነው የደነገጥኩት። ለካ እማማ የሉም አልኩ።»